ሹዋሊድ በኢንተርኔት ሲጠራ

ቲኬት ለማይሸጥበት፣ በሩም ለማይዘጋ በዓል ማስታወቂያ ምን ይረባዋል? ይህ ጥያቄ ባለፈው ሳምንት በመኝታ ክፍላችን ተነሥቶ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ።

ውድ አንባብያን እንደምታውቁት፣ የሐረሪዎች ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም በአው ሹሉም አሕመድና በአው አኽበራ በከበሮ፣ በዚክርና በዘፈን የሚከበር ነው። ዩኔስኮም በኅዳር 2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ለንግድ ከሚዘጋጀው የሙዚቃ ፌስቲቫል በብዙ ይለያል፤ ሰውን ከሩቅ የሚጠራበት መሣሪያ ግን ያው ነው።

ነጋዴው አዘጋጅ ለፌስቡክ ወይም ለኢንስታግራም ከፍሎ «ዕድሜው ይህን ያህል፣ በዚህ ከተማ የሚኖር፣ ይህን ዘፋኝ የሚወድ» እያለ ተመልካቹን ይመርጣል። ቲኬት ሳይገዛ የወጣውንም ሰው ማስታወቂያው በሄደበት ገጽ ሁሉ ይከተለዋል፤ እጅጌ እየጎተተ እንደሚሸጥ ባለሱቅ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚሠራው ግን ያለፈው ዓመት ፊልም ነው፤ ይልቁንም ዘመድ ለዘመዱ የላከው።

ለሐረር አንድ ልዩ ችግር አለ። በዓሉ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ ቁርጡም የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ነው። በቶሮንቶ ወይም በሜልበርን ያለው ሐረሪ ግን የአይሮፕላን ቲኬቱን አስቀድሞ መቁረጥ አለበት። ስለዚህ ጥሪው ሁለት ጊዜ ይሁን፤ ከወራት በፊት ለባሕር ማዶው ሰው ሳምንቱ በዩቱብና በፌስቡክ፣ ጨረቃ በታየች ማግስት ደግሞ ለድሬዳዋና ለጅጅጋ ሰው ቀኑ በቴሌግራም ይነገር። ነገር ግን በአንድ መንገድ ብቻ መተማመን አይገባም፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. እነዚህ መገናኛዎች በአገራችን ተዘግተው ሳለ የዚያ ዓመት ሹዋሊድ በመካከሉ ውሏል።

የሚያስፈራኝ ግን ጥሪው አለመሰማቱ ሳይሆን ከልክ በላይ መሰማቱ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በባሃማስ ሊደረግ የታሰበው የፋየር ፌስቲቫል በታወቁ ሞዴሎች ገጽ ተጠርቶ ቲኬቱ ተሸጠ፤ እንግዶቹ ሲደርሱ ያገኙት የአደጋ ጊዜ ድንኳን ነበር፤ አዘጋጁም በማጭበርበር 6 ዓመት ተፈረደበት። ሐረር ማንንም አታታልልም፤ ሆኖም ጀጎል 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ ሁለት የተጫኑ አህዮች የማይተላለፉበት መንገድም ሞልቶታል። ጥሪው የከበሮውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን እንግዳው የት እንደሚያድር፣ ከድሬዳዋ በምን እንደሚመጣ፣ ዚክር በሚባልበት ጊዜም ስልኩን ከሽማግሌዎቹ ፊት እንዲያነሣ አብሮ ይንገር።

በዚያ ሌሊት የሐረሩ ጓደኛችን ክርክሩ ሲሰለቸው ስልኩን አውጥቶ የአምናውን ሹዋሊድ ከፈተልን። ከበሮው ሲጀምር ሁላችንም ዝም አልን። ከመተኛታችን በፊት ሁለታችን የሐረርን አውቶቡስ ዋጋ ጠይቀናል።