ግብር የማያየው ጄሪካን

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ አረቄ የሚያወጡ አንዲት እናት ወጪያቸውን በጣታቸው ቆጠሩልኝ፦ ገብስ፣ ብቅል፣ ጌሾ፣ ማገዶ። ማገዶው ይከብዳል፤ መንዝ ላይ ባሕር ዛፍ ካጣ ሰው ኩበት ነው የሚያነደው። አተላው ለከብት ይሄዳል፤ እሱን ካልቆጠሩት ትርፍ የለም። «ለጉልበትዎስ ስንት ያዙ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ለጉልበት ማን ይከፍላል!» አሉኝ።

አረቄ ጠጥቶ በጅምላ መሞት ሲሰማ ጣት የሚቀሰረው እንዲህ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ነገር ግን ከእህል የወጣ አረቄ ውስጥ ያለው መርዛማው አልኮል፣ ሜታኖል፣ ጥቂት ነው። ዳግም አረቄም ጉበት ይጎዳል፣ ትዳር ያፈርሳል እንጂ በአንድ ሌሊት መንደር አይጨርስም። በጅምላ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ ኬሚካል ነው፤ ወደ መጠጡ የሚያስገባውም ሒሳብ ነው። 96 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር አልኮል በውኃ ሲቀጥን ከሁለት ሊትር በላይ የአረቄ ጥንካሬ ያለው መጠጥ ይወጣዋል። ጌሾ የለ፣ ድፍድፍ የለ፣ ማገዶ የለ። አልኮሉ በመጣበት ጄሪካን ውስጥ ያለው የሚጠጣው ኢታኖል ሳይሆን ሜታኖል ከሆነ ግን በመልክም በሽታም መለየት ይቸግራል። ቸርቻሪው ራሱ ላያውቅ ይችላል።

ፖሊሲያችን የሚያየው ጠርሙሱን ነው። አዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ገደበ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም አገደ፤ አዋጅ 1186/2012 ኤክሳይዝ ታክሱን አደሰ። ደብረ ብርሃን ያሉት የሐበሻና የዳሸን ቢራ ፋብሪካዎች ይከፍላሉ፣ ይቆጠራሉ። ቢራ ሲወደድ ግን ጠጪው ውኃ አይጠጣም፤ ወደ መለኪያ ይወርዳል።

ኬንያ ይህን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2013 በርካሹ ሴናተር ኬግ ቢራ ላይ ታክስ ስትጨምር ሽያጩ ወደቀ፤ በ2014 በሜታኖል የተበከለ መጠጥ ከ60 በላይ ሰው ገደለ። አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት ይከብዳል። መንግሥት ግን በ2015 የታክስ ቅናሹን መለሰ።

ለእኔ ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ከኬሚካል አስመጪው መጋዘን ነው፦ ማን ስንት በርሜል አስገባ፣ ለማን ሸጠ፣ እንዳይጠጣ ቀለምና መራራ ነገር ተጨምሮበታል ወይ? የሴትዮዋን ጋን ከመስበር ይህ ይረክሳል።

ሕክምናው ላይ ደግሞ ምፀት አለ፤ ለሜታኖል መርዝ ከሚሰጡት ማርከሻዎች አንዱ ራሱ ኢታኖል ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ዓይን መደብዘዝ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ሲሆን፣ ቤተሰቡ «የትናንቱ ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ ያስተኛዋል። ደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል ደግሞ ከመሐል ሜዳ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።