ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ቤት

የመጋቢ ቤት በር እንደማይዘጋ ታውቃላችሁ። አሜሪካ ከመጣን ወዲህ የተለወጠው በሩ በስልክ መንኳኳቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ምእመናን ለሃያኛ ዓመት ጋብቻችን የአንድ ሳምንት ዕረፍት ሲያዘጋጁልን፣ ባለቤቴ እሺ ለማለት ሦስት ቀን ፈጀበት።

የሄድነው ጓቲማላ፣ አንቲጓ ወደምትባል ከተማ ነው። ያረፍነውም በስፔን አገዛዝ ዘመን ተሠርቶ በታደሰ የኪራይ ቤት ውስጥ ነበር።

ከመንገድ ስታዩት ምንም አይደለም። ወፍራም ግድግዳ፣ የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት፣ ከባድ የእንጨት በር፤ በቃ። በሩ ሲከፈት ግን መሃሉ ለሰማይ ክፍት የሆነ ግቢ፣ ውኃ የሚወርድበት የድንጋይ ገንዳ፣ ዙሪያውን በረንዳ ታገኛላችሁ። የመኝታ ክፍሎቹ በሮች ሁሉ ወደዚያ በረንዳ ይከፈታሉ። ስፔናውያን ይህን አሠራር ያመጡት ከአገራቸው ነው፤ ድንጋዩን የተሸከመው ግን የአገሬው ሕዝብ ነው፣ ብዙውም በግዳጅ። ጓሮ ያለችውን ጠባብ የሠራተኞች ክፍል ሳይ ይህ ትዝ አለኝና ልቤ ከበደ።

ቤቱ ፎቅ የለውም፤ ምድሪቱ ትንቀጠቀጣለችና። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1773 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን አፈራረሳት፤ በ1776 ዋና ከተማነቱ ዛሬ ጓቲማላ ሲቲ ወደምትባለው ቦታ ተዛወረ። የቀሩት ሰዎች በፍርስራሹ መካከል ኖሩ። ከ1969 ጀምሮ ከተማይቱን የሚጠብቅ ሕግ ስላለ፣ ባለቤት እንደፈለገ አፍርሶ መሥራት አይችልም፤ በ1979ም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። የቤቱ ጠባቂ ከጣራው ሥር የተደበቀ አዲስ የብረት ማሰሪያ አሳየን። በ1976 በአገሪቱ ከሃያ ሺህ ሰው በላይ የጨረሰውን መንቀጥቀጥ ስለማውቅ፣ ከውበቱ ይልቅ እሱን በማየቴ ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ልጃችን ልምጣ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እቤታችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክፍሏ ገብታ ትዘጋለች፤ እኛም ዕድሜዋ ነው ብለን ትተናታል። እዚያ ግን ወጥ ቤት ለመሄድ በእኛ ፊት ማለፍ ግድ ነው። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ውኃው ከጣራው ሲወርድ እያየች፣ “እማዬ፣ አንቺና አባዬ እንዲህ ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ አይቻችሁ አላውቅም” አለች። ቀጥላም፣ “እኔም ቀጠሮ ልያዝ ወይ ብዬ ነበር” አለች። እየሳቀች ነው የተናገረችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ባለቤቴ ስልኩ ጠራ። አየው፣ አጠፋው፣ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ። እኔ ቡና ላፈላ ተነሣሁ። ቡናው ከከተማይቱ ዙሪያ የተለቀመ ነው፤ ዘሩ ግን ከእኛው አገር የወጣ። ስመለስ ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቶ ነበርና ስኒውን አስቀምጬ ዝም አልሁ።

እንዲህ ያለ ቤት የምትከራዩ ከሆነ ጋቢ ያዙ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ነው፤ ሌሊት መጸዳጃ ቤት ለመሄድም በረንዳው ላይ ማለፍ ሊኖርባችሁ ይችላል። ደወሉን የሚደውለው ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል እንደሚቀርብም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እኛ አልጠየቅንም!

ለእኛ ደግሞ ሐሙስ ማታ ደውላችሁ ካላነሣን፣ ዓርብ ጠዋት ሞክሩ።