ብርሃን የሚቀሰቅሰው መድኃኒትና የውስጥ እግር ጥቁር ነጥብ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር እግር ብዙ ይችላል። እሾህ ይወጋዋል፣ ጭቃ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውስጥ እግር ላይ ወይም ከጥፍር ሥር የወጣን ጥቁር ነጥብ ከቁም ነገር የሚቆጥረው ጥቂት ነው። ሜላኖማ የሚባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር ግን ጥቁር ሕዝቦችን ሲይዝ በብዛት የሚነሣው ከዚያው ነው። በፀሐይ የሚመጣም አይደለም። የሬጌ ሙዚቀኛውን ቦብ ማርሊን በ1981 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በ36 ዓመቱ የገደለው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ይኸው በሽታ ነው።

ለዚህ ካንሰር በእንስሳት ላይ ከሚሞከሩት ሕክምናዎች አንዱ በብርሃን የሚሠራ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ በመርፌ ተሰጥቶ ዕጢው ውስጥ እስኪጠራቀም ይጠበቃል። ከዚያ ተስማሚ ቀለም ያለው ብርሃን ሲበራበት የብርሃኑን ኃይል ተቀብሎ በአካባቢው ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል። ጠባዩ የተለወጠው ኦክስጅንም የካንሰሩን ሕዋሳት ይገድላል፤ ዕጢውን የሚመግቡትን ደም ሥሮችም ይዘጋል። ሐሳቡ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከ1900 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ካናዳ በ1993 ፎቶፍሪን የተባለውን መድኃኒት ለፊኛ ካንሰር ፈቅዳለች።

ሜላኖማ ላይ ግን ሥራው ይከብዳል። ቆዳችንን የሚያጠቁረውና ከፀሐይ የሚጋርደን ሜላኒን ዕጢው ውስጥም ተከማችቶ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ካንሰሩን ሊገድል የተፈጠረውን ኦክስጅንም ያመክናል። ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ሁለት መውጫ ሞክረዋል። አንደኛው ሜላኒን ብዙም የማይውጠውን፣ ከቀይ ያለፈ ብርሃን የሚቀበሉ መድኃኒቶችን መሥራት ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ በብርቱ ሌዘር ሜላኒኑን ሰባብሮ ከዚያ ማከም ነው። ሁለቱም የዕጢውን እድገት አዘግይተዋል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ቢሆንም የአይጥ ዕጢ ትንሽ ነው፣ ለቆዳውም ቅርብ ነው። ወደ ሳንባና ጉበት ለተሠራጨ ሜላኖማ ከውጭ የሚበራ ብርሃን አይደርስም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፎቶፍሪንን የመሰለ መድኃኒት የወሰደ ሰው ቢያንስ ለ30 ቀናት ከፀሐይ መሸሸግ አለበት፤ አለዚያ ቆዳው ይቃጠላል። ቡሬ ላይ በርበሬ የሚለቅም፣ በቆሎ የሚያርም ገበሬ ይህን እንዴት ይችላል? ለእኛ ሰው የሚታሰብ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ መሆን ይኖርበታል።

እስከዚያው ድረስ ፍቱኑ ሕክምና ካንሰሩ ሳይሠራጭ በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። ስለዚህ ማታ እግር ስትታጠቡ የልጆቻችሁን ብቻ ሳይሆን የአባትና የእናታችሁንም ውስጥ እግር እዩ። እየሰፋ የሚሄድ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ ወይም የሚደማ ጥቁር ነጥብ፣ ሳይመታ የጠቆረ ጥፍር፣ አልድን ያለ ቁስል ካገኛችሁ አትተኩሱት፣ በምላጭም አትንኩት። ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ወስዳችሁ ናሙናው እንዲመረመር ጠይቁ።