የአዲስ መኪና የመጀመሪያ ሰርቪስ፤ ባለንብረቱ ሊያውቀው የሚገባ



ከወኪል ድርጅት አዲስ መኪና የገዙ ወዳጆቼ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለመጀመሪያ ሰርቪስ ስንጠራ ምን ይደረግልናል፣ እኛስ ምን እንጠይቅ?» የሚል ነው። ብዙው ሰው ይህን ቀጠሮ ዘይት ተቀይሮ፣ ሒሳብ ተከፍሎ የሚወጣበት አጭር ጉዳይ አድርጎ ስለሚገምተው፣ ቁልፉን ለሹፌር ወይም ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ ይልካል። እኔ ግን በዚያ ዕለት ከሚፈጸመው ሥራ ሁሉ የዘይቱ ጉዳይ ንዑሱ ነው ብዬ አምናለሁ። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ፣ በመርከብ ባሕር ሲሻገር፣ ከጅቡቲ ወደብ እስከ መሐል አገር ሲጓዝ፣ በግቢም ቆሞ ገዢ ሲጠብቅ ያገኘው ጉድለት ቢኖር፣ ያ ጉድለት ዋስትናው ገና በጸናበት ወራት ተመርምሮ በመዝገብ የሚሰፍርበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ይህ ነውና፣ ዐቢዩ ነገር ምርመራው ነው፤ የምርመራውም ዋና ምስክር መኪናውን ዕለት ዕለት የሚነዳው ሰው ነው። አዲስ መኪናውን ጠበል ለማስረጨት ራሱ ወደ ደብሩ ይዞት የሄደ ሰው፣ ለዚህም ቀን ራሱ ቢገኝ እወዳለሁ።

ቀኑን የሚወስነው ከመኪናው ጋር የሚሰጠው መመሪያ መጽሐፍ ነው። አንዳንዱ አምራች 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ክፍያ የሚደረግ ፍተሻ ያዝዛል፤ ሌላው እስከ 5,000፣ ሌላውም እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ያቆየዋል፤ ከኪሎ ሜትሩም ጎን ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት የሚል የጊዜ ገደብ ይጻፋል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይፈጸማል። «መኪናዬ ብዙ አልሄደችም» እያሉ ወራቱን ማሳለፍ በከተማችን እጅግ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ በሚቆምበት አጭር ጉዞ፣ ከነዳጁ መቃጠል የሚወለደው እርጥበትና ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ ተንኖ መውጣት ሲገባው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ባሕርዩን ያበላሸዋል። በመስቀል አደባባይ ወይም በመገናኛ ሰልፍ ቆሞ ለሚውል መኪናም ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ምንም ሳይናገር ሞተሩ ለብዙ ሰዓት ይደክማል። መመሪያ መጻሕፍቱ አቧራን፣ አጭር ጉዞንና ቆሞ መሥራትን ከከባድ የአገልግሎት ሁኔታ ስለሚቆጥሯቸው ለእንዲህ ያለው መኪና ያጠረ የሰርቪስ ጊዜ ያዝዛሉ፤ ስለዚህ ተቀባዩን ባለሙያ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት፣ መኪናችሁ በየትኛው ሥርዓት እንደሚታይ ነው።

ከዚያ ቀን በፊት ባለው ጊዜ ስለ አነዳድ ሁለት ቃል ብቻ ልናገር። አምራቾች በጠቅላላው የሚስማሙበት ምክር፣ በመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ግድ ድንገተኛ ፍሬን እንዳይያዝ፣ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስም ሞተሩን በብርቱ ማስጮህ፣ ከባድ ነገር ማስጎተትና በረጅም መንገድ በአንድ ዓይነት ፍጥነት መክነፍ እንዲቀር ነው፤ ምክንያቱም የፒስቶኑ ፋሻና የሲሊንደሩ ግድግዳ፣ የፍሬኑም ሸራና ዲስኩ ተፋትገው የሚስማሙት በዚህ ወራት ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ፤ ንዑስ ነው ብል እንኳ ምክንያቱን ማወቅ ይገባልና። አዲስ የተወቀረ ወፍጮ በመጀመሪያው ፍጭት ከድንጋዩ የሚረግፈውን ደቃቅ ከዱቄቱ ጋር እንደሚሰጥ ሁሉ፣ አዲስ ሞተርም ክፍሎቹ እስኪላመዱ ድረስ ዓይን የማያየውን የብረት ብናኝ ወደ ዘይቱ ይለቃል፤ የዘይቱ ፊልትሮ አብዛኛውን ይይዛል፣ ከፊልትሮው ቀዳዳ የሚያንሰው ግን በዘይቱ ውስጥ ይዞራል። ከዚህ ተነሥተው «በ500 ኪሎ ሜትር ቀይሩት» የሚሉ አዛውንት መካኒኮች አሉ፤ ምክራቸውም የተወለደው የሞተር ክፍሎች እንደ ዛሬው በረቀቀ ልክ ባልተሠሩበት ዘመን ስለሆነ አላቃልለውም። ዛሬ ግን አንዳንድ አምራቾች በፋብሪካ የሚሞሉት ዘይት ለመላመጃው ወራት የሚረዳ ልዩ ውሕድ ስላለበት ያለ ጊዜው እንዳይቀየር ይከለክላሉና፣ የእኔ ፍርድ ከመጽሐፉ አትቅደሙ፣ ከመጽሐፉም አትዘግዩ የሚል ነው። የሚሞላው ዘይት መመሪያው ያዘዘው ዓይነት መሆኑንም አረጋግጡ፤ በዕቃው ላይ 0ደብሊው20 ወይም 5ደብሊው30 ተብሎ ሲጻፍ የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንደ ምን እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ደግሞ በሞቀ ጊዜ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ያመለክታል፤ ለቀጭን ዘይት በተሠራ አዲስ ሞተር ውስጥ «ይበልጥ ይጠብቀዋል» ተብሎ ወፍራም ዘይት ቢጨመር ጥቅም የለውም።

በቀጠሮው ዕለት በማለዳ ድረሱ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ካለ ከሰዓት በኋላ አይገኝምና። ተቀባዩ ባለሙያ ከእናንተ ጋር መኪናውን ዞሮ ማየት፣ ጭረት ካለ መመዝገብ፣ የኪሎ ሜትሩንና የነዳጁን መጠን መጻፍ ይገባዋል። ከዚያም የሥራ ትእዛዝ የሚባለውን ወረቀት ያዘጋጃል። ከመፈረማችሁ በፊት በነጻ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በነጻ የሚባለው የእጅ ዋጋው ብቻ ሆኖ ዘይቱና ፊልትሮው ይከፈልባቸዋልና። የሞተር ማጠቢያ፣ የኢንጀክተር ማጽጃ፣ ከዘይቱ ጋር የሚጨመር መድኃኒት ቢያቀርቡላችሁ፣ መመሪያው ካላዘዘ በቀር በዚህ ጊዜ አያስፈልጉም፤ ያልቆሸሸ ነገር አይታጠብምና በትሕትና እምቢ በሉ።

በዚያው ወረቀት ላይ እናንተ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ሁሉ አስጽፉ። የእኅቴ ልጅ መኪናዋን ይዛ በሄደች ጊዜ አብሬያት ነበርሁ፤ የመንገድ ጉብታ ስትሻገር ከግራ የፊት እግር በኩል የሚሰማት ትንሽ ኳኳታ ነበርና ተናገረች። ተቀባዩም «እኅቴ፣ አዲስ መኪና እስኪላመድ እንዲህ ያለ ድምፅ ያለ ነው» ቢላት፣ «ወንድሜ፣ የሰማሁትን ይጻፉልኝ፤ ከታየ በኋላ ካልተገኘም አልተገኘም ተብሎ ይጻፍ» ብላ በጨዋነት ጸናች። ስለተጻፈም ዋናው ባለሙያ ከእርሷ ጋር ተቀምጦ መንገድ ወጣ፤ ድምፁን በጆሮው ሰማ፤ መኪናው በሊፍት በተነሣ ጊዜም የፊት እግሩን ከአካሉ ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖች አንዱ በልኩ እንዳልጠበቀ ተገኘ። በቃል ብቻ የተነገረ ቢሆን ኖሮ፣ በታችኛው ክፍል የሚሠራው መካኒክ ከወረቀቱ በቀር የሚያየው ነገር ስለሌለው፣ ዘይቱን ለውጦ መኪናውን ይመልስላት ነበር።

እንግዲህ ምርመራው ምን ምን እንደሚያካትት ልግለጽ። መኪናው በሊፍት ሲነሣ የዘይት፣ የውሃና የፍሬን መሥመሮች ፍሳሽ እንደሌለባቸው፣ የመሪውና የእግሩ ብሎኖች እንደ ጠበቁ፣ ጎሚኒዎቹ እንዳልተቀደዱ፣ በጉዞ ላይ የተመታ ነገር እንደሌለ ይታያል፤ ኮፈኑ ተከፍቶ የባትሪው ማሰሪያ፣ የራዲያተሩ ውሃና የአየር ማጣሪያው ይፈተሻሉ፤ የኮምፒዩተር መመርመሪያም ተሰክቶ መኪናው በውስጡ የመዘገበው የስሕተት ምልክት ካለ ይነበባል። ይህን ንባብ ምንም ባይገኝበት እንኳ ታትሞ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ስለ ከፍታችን ግን ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በወደብ አገር ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚሁ መጠን የሚቃጠልበት አየር ስለሚጎድለው ኃይሉ ይቀንሳል። «አዲሷ መኪናዬ እንጦጦን ስትወጣ ጉልበት አነሳት» የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ የሕገ ተፈጥሮ ነገር እንጂ የመኪናው ሕመም አይደለም። የጎማውም ነገር እንዲሁ ነው፤ መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ 32 ተሞልቶ ወደ አፋር ቆላ የወረደ ጎማ የውጭው አየር ስለሚከብድ ንባቡ ጥቂት ዝቅ ይላል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ረጅም ጉዞ ያላችሁ በደረሳችሁበት ቦታ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩት። መኪኖች ለመርከብ ጉዞ ሲዘጋጁ ጎማቸው ከልኩ በላይ የሚነፋበት ጊዜ ስላለ፣ በመጀመሪያው ሰርቪስ ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ሠንጠረዥ መሠረት መስተካከሉን ተመልከቱ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ከአዲስ መኪና ገዢዎች ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ባለቤቶች ሆነዋል፤ ከእነርሱም «ዘይት የለው፣ ለምን እወስደዋለሁ?» የሚሉ አሉ። የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮና ካንዴላ እንደሌለው እውነት ነው። ነገር ግን ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ ከአየር እርጥበት የሚስበው የፍሬን ዘይት፣ የተሳፋሪው ክፍል አየር ማጣሪያ፣ መብራቱንና ኮምፒዩተሩን የሚያነሣው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ፣ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው የከፍተኛ ኃይል ኬብሎችና መጋጠሚያዎቻቸው ምርመራ ይሻሉ። ሞተሩ ራሱ ኃይል እየመለሰ መኪናውን ስለሚያዘገየው ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ያለ ሥራ ይውላል፤ በክረምትም ዲስኩ ይዝጋል። ከባትሪው ክብደት የተነሣ ጎማው ፈጥኖ ሊያልቅ ይችላል። የሶፍትዌር ማሻሻያ መደረጉንና የባትሪውን ጤንነት የሚያሳየውን ውጤት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከዓመታት በኋላ ስለ ባትሪው ዋስትና ክርክር ቢነሣ መነሻው ይህ ወረቀት ይሆናልና። ወኪል ባልሆነ አስመጪ በኩል መኪና የገዛችሁ ግን ማዘን አይገባችሁም፤ ይህን ምርመራ በከፍተኛ ኃይል ኤሌክትሪክ ሥልጠና ባለው፣ መከላከያ ጓንትና ተገቢው መመርመሪያ ባለው ጋራዥ አስደርጋችሁ ሰነዱን አኑሩ። ኬብሉን በባዶ እጁ ለሚነካ ሰው መኪናችሁን አትስጡ፤ ስለ ሕይወቱ ስል እለምናችኋለሁ።

መኪናው ሲመለስላችሁ ሒሳቡን ከሥራ ትእዛዙ ጋር አስተያዩ፤ ያስጻፋችሁት እያንዳንዱ ነገር መልስ እንዳገኘ እዩ። ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ በኋላ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥታችሁ መጠኑ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ተመልከቱ። ጎማ ተፈትቶ ከነበረ ብሎኖቹ ልኩን በሚያሳይ ቁልፍ መጥበቃቸውን ጠይቁ። የሚቀጥለውን ሰርቪስ ኪሎ ሜትርና ቀን የያዘው ተለጣፊ ወረቀት በመስታወቱ ጥግ መለጠፉን፣ በሰርቪስ መጽሐፉም ላይ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና ማኅተሙ መኖራቸውን አረጋግጡ፤ መዝገቡን በኮምፒዩተር ብቻ የሚይዝ ድርጅት ከሆነ ደግሞ የታተመና ማኅተም ያለበት ቅጂ ተቀብላችሁ ውጡ።