ለማከራየት ቤት ሊገዙ ነው?

“ብሩ ባንክ ተኝቶ ዋጋ ከሚያጣ ቤት ይገዛበት።” ይህን ምክር ከአጎትዎ፣ ከዕቁብ ጓደኛዎ ወይም ከቢሮ ባልደረባዎ ሳይሰሙ አልቀሩም። ምክሩ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ20 ዓመት በፊት ቤት የገዛ ሰው የዛሬውን ዋጋ ሲሰማ ፈገግ ይላል። ችግሩ ምክሩ “ግዛ” ላይ ማለቁ ነው። ከማን፣ በማን ስም፣ በየትኛው ብር፣ ስንት ዓመት ለመጠበቅ የሚለውን የሚጠይቅዎ ሰው ጥቂት ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቢዝነስ ስለተማርኩ ዘመድ ወዳጅ ቤት ሊገዛ ሲነሳ “እስቲ አንቺም አስቢልኝ” ይለኛል። ብዙዎቹ ቀድመው የሚጠይቁኝ “የትኛው ሰፈር ይሻላል?” የሚለውን ነው። እሱን ወደ መጨረሻው እናቆየውና ከሒሳቡ እንጀምር።

ኪራዩ ያዋጣል?

ለስሌት እንዲመቸን አንድ ኮንዶሚኒየም በ5 ሚሊዮን ብር ገዝተው በወር 20 ሺህ ብር አከራዩት እንበል። በዓመት 240 ሺህ ብር ያገኛሉ፤ ካወጡት ገንዘብ 4.8 በመቶ መሆኑ ነው። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ሊቆም ይችላል። ቀለም ይቀባል፣ ቧንቧ ይበላሻል፣ የጋራ መዋጮ ይከፈላል፣ የኪራይ ገቢ ግብርም አለ። ይህ ሁሉ ሲቀነስ እጅዎ ላይ የሚቀረው 4 በመቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። በዚህ ወለድ 5 ሚሊዮኑ ከግብር በፊት 350 ሺህ ብር ያስገኛል።

“እንግዲያው ቤት አይገዛ?” እንዳይሉኝ። የዋጋ ንረት የባንኩን ወለድ ሲበላው ሁላችንም አይተናል። የምለው ሌላ ነው፤ በዚህ ዓይነት ዋጋ ቤት የሚገዛ ሰው ተስፋ የሚያደርገው ከኪራዩ ይልቅ የቤቱን ዋጋ መጨመር ነው። ዋጋው ደግሞ የሚጠቅመው መጠበቅ ለሚችል ሰው ነው። ስለዚህ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብለው መመለስ ያለብዎት ጥያቄ “ይህን ብር ለሰባት፣ ለስምንት ዓመት ሳንነካው መኖር እንችላለን ወይ?” የሚል ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ ይጨምራል፤ እናት አባት ይታመማሉ። ሆስፒታል የሚከፈል ብር ሲያስፈልግ ከቤቱ አንዷን መኝታ ክፍል ብቻ ነጥሎ መሸጥ አይቻልም። የስድስት ወር ወጪ ለብቻው ሳይቀመጥ ያለውን ሁሉ ቤት ላይ ማፍሰስ ብልህነት አይመስለኝም።

በብድር የሚያስቡም አሉ። ከ5 ሚሊዮኑ 3 ሚሊዮኑን በ18 በመቶ ወለድ ቢበደሩ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 540 ሺህ ብር ይጠጋል፤ ቤቱ የሚያመጣው ግን 240 ሺህ ነው። ልዩነቱ በየወሩ ከደመወዝዎ ይወጣል። ብድር ራስዎ ለሚኖሩበት ቤት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ለሚከራይ የመጀመሪያ ቤት ግን ሁለት ጊዜ ያስቡበት።

የምገዛው ምኑን ነው?

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ወላጆቻችን በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ያዩ ናቸው። እርስዎም ዛሬ የሚገዙት ቤቱን እና ቦታውን የመጠቀም መብትን ነው። ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ስንት ዓመት እንደቀረና ያልተከፈለ የሊዝ ክፍያ እንዳለ ይጠይቁ። ቀሪው ክፍያ ከቤቱ ጋር ወደ እርስዎ ይመጣል።

ገና ያልተሠራ አፓርታማ ከሪል ስቴት የሚገዙ ከሆነ ብሮሹሩን አስቀምጠው ውሉን ያንብቡ። የመዋኛ ገንዳውንና ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ምስል የሚያዘጋጁት እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ። “100 ካሬ” ሲባል የደረጃው፣ የሊፍቱና የኮሪደሩ ድርሻ ተደምሮ ሊሆን ይችላል። በሩን ከዘጉ በኋላ ውስጡ የሚቀረው ስንት ካሬ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የካሬ ዋጋውን በዚያ አካፍለው እንደገና ያስሉት። ዋጋው በግንባታ ዕቃ ወይም በዶላር ምክንያት ሊከለስ ይችላል የሚል አንቀጽ አለ? ርክክቡ ሲዘገይ ኩባንያው የሚከፍለው ቅጣት ተጽፏል? የሚያስረክቡት ያለቀ ቤት ነው ወይስ ፊኒሺንጉ በእርስዎ ነው? የቦታው ካርታና የግንባታ ፈቃዱ በኩባንያው ስም ነው? ካርታውስ ባንክ በዋስትና ይዞታል? በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትና ግብይትን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል፤ ሆኖም አዋጅ ስላለ ውል ሳያነቡ አይፈርሙ። ከፍለው ከ10 ዓመት በላይ ቁልፍ ሲጠብቁ የኖሩ ቤተሰቦች ያሉባት ከተማ ውስጥ ነን።

“በውክልና ይሸጣል” ሲባሉ

ይህን ቃል ደላሎች በጣም ቀለል አድርገው ይናገሩታል። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ አለበት። ባለዕጣው ብር ይፈልጋል፣ ገዢው ረከስ ያለ ዋጋ ይፈልጋል። ስለዚህ ሽያጩ ሳይጻፍ ይቀርና ባለዕጣው ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል፤ “አምስት ዓመቱ ሲሞላ ስም ይዞራል” ይባላል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካይ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል፤ በሕይወት ሳለም ሊሽረው ይችላል። ባለዕጣው በሦስተኛው ዓመት ቢሞት በርዎን የሚያንኳኩት ወራሾቹ ናቸው፤ ቤቱ ደግሞ በአባታቸው ስም ነው። እርስዎ የከፈሉትን ሚሊዮን ሊያሳዩ ይሞክራሉ፣ እነሱ ካርታ ያሳያሉ። ዋጋው የረከሰው ይህን ስጋት እርስዎ ስለሚሸከሙ ነው። ከገበሬ ተገዝቶ ካርታ “በሒደት ላይ” ስላለ የከተማ ዳር ቦታም የምለው ይኸው ነው።

ትክክለኛው መንገድ ረዥም ቢሆንም የታወቀ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን፣ ውልና ማስረጃ ፊት መፈረምና መመዝገብ አለበት። ባለቤትነቱ የሚተላለፈው ስሙ በመዝገብ ሲዞር ነው። ከመፈረምዎ በፊት ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን ካርታውን ከሰጠው ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ፤ ሻጩ የያዘው ኮፒ አይበቃም። ቀብድም ቀልድ አይደለም። ቀብድ ሰጥተው ሐሳብዎን ቢቀይሩ ቀብዱን ያጣሉ፤ ሻጩ ቢቀይር እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ማጣራቱ ከቀብድ በፊት ይለቅ።

በማን ስም?

በቤተሰብ ውስጥ የሚነሳው ትልቁ ጠብ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት፣ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የጋራ ቤትን ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለማከራየትም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፤ “ፈትቻለሁ” ካለ የፍርድ ቤት ወረቀቱን፣ “አላገባሁም” ካለ ያላገባ ማስረጃውን ያሳይ።

ሌላው በብዙ ቤት ያለ ጉዳይ ነው። እህት ከቤሩት ወይም ከዱባይ ለዓመታት ብር ትልካለች፣ ቤቱ በወንድም ስም ይገዛል። ወንድም ክፉ መሆን የለበትም፤ ሚስት ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ሰው ነውና ሊሞትም ይችላል። ያኔ እህት ስሟ ካርታው ላይ የለም። ካለችበት አገር ባለው ኤምባሲ ለወንድሟ የመግዣ ውክልና ሰጥታ ቤቱ በራሷ ስም ሊገዛላት ይችላል። ይህን መጠየቅ ወንድምን አለማመን አይደለም።

ከገዙ በኋላ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አሁን የራሱ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 1320/2016። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪውም መንግሥት በየዓመቱ ከሚያሳውቀው መጠን አይዘልም። ለተከራይ እረፍት ነው፤ እኔም ተከራይ ነኝና ደስ ብሎኛል። ለአከራይ ግን “ዘንድሮ በርካሽ ላስገባና ከርሞ እጨምራለሁ” የሚለው ስሌት አይሠራም። የመጀመሪያውን ቀን ኪራይ በጥንቃቄ ይወስኑ።

አሁን ወደ ሰፈሩ። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምን ያህል እንደተለወጡ አይተዋል፤ ቦታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሣ የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው። ስለዚህ መንደሩ በከተማው ፕላን ምን እንደተባለ ክፍለ ከተማው ሄደው ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር ሥራ ነው። በሥራ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሄደው የታክሲውን ሰልፍ ይዩ። ማታ ተመልሰው መብራቱን፣ መንገዱን፣ ጫጫታውን ይዩ። ቧንቧ ሠራተኛ ይዘው የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ያስዩ፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጣሪያውን። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ወደ ላይኛው ፎቅ ይደርስ እንደሆነ ግን ደላላውን ሳይሆን የግቢውን ጥበቃ ይጠይቁት።