ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር፤ ጥቅሙና ዕድሜው

ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር የአዳኝ መሣሪያ ብቻ አይደለም። ወደ ወደብ የሚመጣውን መርከብ የሚጠባበቀው ሹም፣ የዱር አራዊትን እንዲጠብቅ የታዘዘው ዘበኛ፣ የአንበጣ መንጋ መነሣቱን የሚከታተለው ሠራተኛ ሁሉ ያለ እርሱ ሥራቸው ይጐድላል። ይሁን እንጂ ገዢ ወደ ሱቅ ገብቶ መነጽር በሚመርጥበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» የሚል ነው። ጥያቄው አላስፈላጊ ባይሆንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቅ አይደለም። የመነጽር ዕድሜ የሚወሰነው በማቅረብ ኃይሉ ሳይሆን እርጥበትን፣ አቧራንና ምትን ለመከላከል ባለው ብቃት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ብዙ ገንዘብ ካወጣ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማያሳይ ዕቃ ታቅፎ ይቀራል።

የመሣሪያው ታሪክ ረጅም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1608 ዓ.ም. ሐንስ ሊፐርሄይ የተባለ መነጽር ሠሪ ሩቁን ለሚያቀርበው ቱቦ የባለቤትነት መብት እንዲሰጠው ለሆላንድ መንግሥት አመለከተ። በ1854 ዓ.ም. ኢግናሲዮ ፖሮ የተባለ ኢጣሊያዊ ብርሃን በፕሪዝም ውስጥ እየተመላለሰ እንዲያልፍ በማድረግ ቱቦውን የሚያሳጥርና የተገለበጠውን ምስል የሚያቀና ዘዴ አወጣ። በጀርመን አገር በዬና ከተማ የሚገኘው የካርል ዛይስ ፋብሪካም በኤርንስት አቤ መሪነት በ1894 ዓ.ም. ባለ ሁለት ዐይን የፕሪዝም መነጽር ለገበያ አቀረበ። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ የዚሁ ፋብሪካ ባልደረባ አሌክሳንደር ስማኩላ የመስተዋቱን ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ ፈለሰፈ።

የዚህ ቅብ ጥቅም በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። ያልተቀባ መስተዋት በእያንዳንዱ ገጹ ከመቶው 4 እጅ ያህል ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሳል። በአንድ መነጽር ውስጥ ብርሃን 10 ገጾችን ቢያልፍ ከመቶው ወደ ዐይን የሚደርሰው 66 ያህሉ ብቻ ነው። በብዙ ድርብ በተቀባው የዛሬ መስተዋት ግን ከመቶው ከ90 በላይ ይደርሳል። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አውሬውም ከተደበቀበት በሚወጣበት ሰዓት፣ በማየትና ባለማየት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

በመነጽሩ ላይ የተቀረጹት ሁለት ቁጥሮችም ትርጕማቸው ሊታወቅ ይገባል። «8 በ30» ማለት 8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱም ስፋት 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ለመጀመሪያው ሲካፈል ወደ ዐይን የሚገባው የብርሃን ዘንግ ስፋት ይገኛል፤ በዚህኛው ከ4 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ነው። «7 በ50» በሆነው ግን 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የወጣት ሰው የዐይን ብሌን በጨለማ የሚሰፋው እስከዚህ ድረስ ስለ ሆነ የባሕር ሰዎች ይህን ዐይነት መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በተራራ በእግሩ ለሚጓዝ ግን ክብደቱ ሸክም ይሆንበታል። ከ10 እጥፍ በላይ የሚያቀርበውም ቢሆን የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ስለሚያጎላ ያለ መደገፊያ ብዙ አይጠቅምም።

ወደ ዕድሜው ጉዳይ ስንመለስ ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው መንገድ የታወቀ ምሳሌ ነው። በ115 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ውስጥ መንገደኛው ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በሚገባ ያልታሸገ መነጽር በዳገቱ ላይ በውስጡ ካለው አየር ከፊሉን ያስወጣል፤ በቁልቁለቱ ደግሞ ጨው ያዘለውን እርጥብ የባሕር አየር ይስባል። እንደገና ወደ ደጋው ሲወጣና የሌሊቱ ብርድ ሲያገኘው ያ እርጥበት በመስተዋቱ የውስጥ ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጤዛውን ሻጋታ ይከተለዋል። ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ቅቡን ይበላል፤ ከቈየም መስተዋቱን ራሱን ስለሚያቈስለው በማጽዳት አይመለስም። ስለዚህም በአሁኑ ዘመን የሚሠሩት ጥሩ መነጽሮች አየራቸው ወጥቶ በምትኩ ደረቅ ናይትሮጅን ይሞላባቸውና በላስቲክ ቀለበት ይታሸጋሉ። ገዢው ከማቅረብ ኃይሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ይህን ነው።

የጠመንጃ መነጽር ከዚህ ሁሉ በላይ ሌላ ፈተና አለበት። ጥይት በተተኰሰ ቁጥር ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመታው ምት መነጽሩን ያናውጠዋል። በጥንቱ መነጽር መስቀለኛው ማነጣጠሪያ ከቀጭን ክር ወይም ሽቦ ይሠራ ስለ ነበረ ይበጠስ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙውን ጊዜ በመስተዋት ላይ ይቀረጻል። ነገር ግን አብዛኛው ጥፋት ከመነጽሩ ሳይሆን ከማሰሪያው ይመጣል። ሁለቱ የማሰሪያ ቀለበቶች በ12 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ሳለ አንደኛው አንዲት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ርቀት 8 ሳንቲ ሜትር፣ በ200 ሜትር 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ከታለመበት ይስታል። ይህም ልብ የሚመታውን ጥይት ሆድ መቺ ለማድረግ ይበቃል፤ የቈሰለውም እንስሳ ጫካ ገብቶ በሥቃይ ይሞታል። ስለዚህ ብልህ አዳኝ ከጉዞ በኋላ ብሎኖቹን ሳይመረምርና በዒላማ ላይ ሳይሞክር ወደ አደን አይወጣም።

ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃው ሰው የቱን ያስቀድም ቢባል መልሱ የእጁን መነጽር ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ሁሉ ከመተኰስም ማየት ይቀድማል። በጠመንጃ መነጽር አካባቢን የሚቃኝ ሰው አፈሙዙን ወደማያውቀው ነገር ማዞሩ ነው፤ በቁጥቋጦው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው እንጨት ለቃሚ ወይም እረኛ ሊሆን ይችላል። አውሬውንም ለይቶ ማወቅ ጊዜ ይጠይቃል። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚገኘውን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የሌለውን የደጋ አጋዘን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ሴቲቱ ቀንድ ስለሌላት ከወንዱ መለየቷ አያስቸግርም። ያረጀውን ወንድ ከወጣቱ ለመለየት ግን የቀንዱን ርዝመትና አጠማዘዝ ረጋ ብሎ መመልከት ያሻል። ይህ ሥራ በሁለት ዐይን፣ በተደገፈ ክንድ የሚፈጸም እንጂ ጣትን በምላጭ ላይ አኑሮ የሚሞከር አይደለም።

ያገለገለ መነጽር የሚገዛም የሚሸጥም ሰው ጥቂት ምርመራዎችን ቢያውቅ ከክርክር ይድናል። መነጽሩን በፊት መስተዋቱ በኩል ወደ መብራት አቅንቶ ውስጡን ሲመለከቱ ሻጋታና ጭጋግ ይገለጣል። ሩቅ ያለ የቤት ጣራ ወይም የስልክ እንጨት ሲመለከቱ ምስሉ ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ዐይን ከደከመ ፕሪዝሞቹ ከቦታቸው ተናግተዋል። ሲነቀነቅ ድምፅ የሚሰጠውን ደግሞ መተው ይሻላል። መነጽርን ወደ ፀሐይ ማቅናት ዐይንን ስለሚያሳውር በምርመራም ጊዜ ቢሆን ፈጽሞ አይደረግም።

አያያዙም እንደ አገሩ አየር ነው። አቧራ ያረፈበትን መስተዋት በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ መጥረግ ቅቡን በአሸዋ እንደ መፋቅ ይቈጠራል፤ አስቀድሞ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ በቀስታ መወልወል ይገባል። በባሕር ዳርቻ በቈዳ ማኅደር ዘግቶ ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቈዳው እርጥበት ይዞ ሻጋታውን ይቀልበዋልና። ይልቁንም እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በሚገጥም ሣጥን ማኖር፣ ወይም ትንሽ አምፖል በሚበራበት ቁም ሣጥን ማስቀመጥ ይበጃል። በተዘጋ መኪና ውስጥ በፀሐይ የተተወ አሮጌ መነጽርም የመስተዋቶቹ ማጣበቂያ ሙጫ ሊላላ ይችላል።

በዚህ ዐይነት የተያዘ ጥሩ መነጽር ለልጅ የሚወረስ ዕቃ ነው። ርካሹ ግን ባለቤቱ በሚፈልገው ሰዓት ስለሚጨልም፣ በተደጋጋሚ ሲገዛ ከውዱ ይልቅ ያስወጣል፤ በአደን ላይ ሲሆን ደግሞ ኪሣራው በገንዘብ ብቻ የሚቈጠር አይደለም።