የሴን ወንዝና የፓሪስ ሕዝብ ጤና

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ብሂል የሚነገረው ስለሚያሰጥም ወንዝ ቢሆንም፥ ጥርት ብሎ እየታየ በሽታ ስለሚያመጣ ውሃም ሊነገር የሚገባው ነው። ለዚህም ፓሪስን አቋርጦ የሚያልፈው የሴን ወንዝ ታሪክ ምስክር ይሆነናል።

ሴን በቡርጎኝ ኮረብታዎች መካከል ከምትገኝ አነስተኛ ምንጭ ተነሥቶ 777 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በለ አቭር ከተማ አጠገብ ከባሕር ይገባል። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ውሃ ሻጮች ከወንዙ የተቀዳውን ውሃ በባልዲ ተሸክመው በየፎቁ ያደርሱ ነበር፤ አጣቢዎች ከዳር በታሰሩ ጀልባዎች ላይ ልብስ ያጥቡ ነበር፤ የከተማውም እድፍ ወደዚያው ይፈስ ነበር። የሚቀዳበትና የሚጣልበት ወንዝ አንድ ነበር ማለት ነው።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1832 ዓ.ም. ኮሌራ በገባ ጊዜ በፓሪስ ብቻ ከ18,000 የሚበልጥ ሰው አለቀ። በዚያን ዘመን ብዙዎቹ ሐኪሞች በሽታው ከመጥፎ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር እንጂ በውሃ መተላለፉን አልተረዱም ነበር። ከ1850ዎቹ ጀምሮ መሐንዲሱ ኤዤን ቤልግራን ከምድር በታች ሰፋፊ የእድፍ መውረጃ ቦዮችን አሠሩ፤ ለመጠጥም በ1865 ከዱዊስ፥ ቀጥሎም ከቫን ምንጮች ንጹሕ ውሃ ከሩቅ አስመጡ። ነገር ግን ዋናው ቦይ እድፉን ከከተማው በታች አስኒየር ላይ ወደ ወንዙ ይጨምር ስለ ነበር፥ ፓሪስ ስትጸዳ በግርጌዋ ያለው ጎረቤት ቆሸሸ።

በ1923 በፓሪስ በወንዙ መዋኘት ተከለከለ። ወንዙን ለማጽዳት በቅርብ ዓመታት 1.4 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ወጣ፤ በአውስተርሊትስ ባቡር ጣቢያ አጠገብም በከባድ ዝናብ ጊዜ 50,000 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚያቁር ታላቅ ጉድጓድ ተሠራ። በ2025 ሦስት የመዋኛ ስፍራዎች ለሕዝብ ተከፈቱ። ይህም ሆኖ ውሃው በየዕለቱ ይመረመራል፤ ብርቱ ዝናብ ቦዮቹን ባጥለቀለቀ ጊዜም መዋኘት ይከለከላል።

እንግዲህ ወንዝን ማቆሸሽ ቀላል ሲሆን ማጽዳቱ ከመቶ ዓመት በላይ ማስፈለጉን ልብ እንበል። መምህራን ሆይ፥ ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አለመሆኑን ለተማሪዎቻችሁ አስረዱ። የወንዝ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ፤ የመጸዳጃ ጉድጓድም ከወንዝና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ከላይ የሚጣለውን፥ ከታች ያለው ወገን ይጠጣዋልና።